የጓሮ አትክልት ክበብ፦ የከረንት ዓመታችን

ዘንድሮ ክበባችን 23 አባላት ነበሩት። ሥራችንም አንድ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከረንት የሚባለውን ትንንሽ ፍሬ የሚያፈራ የፈረንጅ አገር ቁጥቋጦ ማሳደግ። ነገሩን ያመጣችው የ7ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስዊድን ያለች አክስቷ ጓሮዋ ያፈራውን ጥቁር ፍሬ በፎቶ ላከችላት። "እኛስ ለምን አንተክልም?" አለችኝ። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከአትክልት ጋር ያለኝ ዝምድና ሰላጣ ላይ ያበቃል። ቢሆንም እሺ አልኩ።

መስከረም መጨረሻ አራት ኪሎ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ አገኘን። "ከረንት አለህ?" ስንለው ሳያመነታ "ሞልቷል!" አለ። 6 ገዛን። ወደ ፒያሳ ስንመለስ የታክሲው ረዳት ለችግኞቹም የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለን።

ልጆቹ ስለ ከረንት ያገኙትን ሁሉ አነበቡ። ጥቁሩ ከረንት ሲተከል ከነበረበት አፈር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጠለቅ ይደረጋል፤ ከሥሩ አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ነው። በመካከሉም 1 ሜትር ተኩል ገደማ ይተዋል። ግቢያችንን ታውቁታላችሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለችው ቁራጭ መሬት 4 ብቻ ቻለች፤ 2ቱ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጎን ተሰደዱ። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ በጄሪካን አጠጣን። አንዱ ችግኝ ጥልቀቱ አልተስማማውም መሰለኝ በስብሶ ሞተ።

ዋናው ጣጣ ብርዱ ነበር። ከረንት ፈረንጅ አገር በረዶ ሲወርድ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። በደንብ ለማፍራት እንደየዝርያው ከ800 እስከ 1,500 ሰዓት ያህል ከ7 ዲግሪ በታች ብርድ ይፈልጋል። መቁጠር ከሆነማ የኔ ሥራ ነው! ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር ተዋስን። ዘበኛችን በየንጋቱ እያነበቡ ይመዘግቡልን ጀመር። 800 ሰዓት ማለት ሌት ተቀን ከ33 ቀን በላይ ነው። የኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ሌሊት ቢያንዘፈዝፍም ረፋድ ላይ ሹራብ ያስወልቃል። መግረዣ መቀስ ይዘን ቅጠሉ እስኪረግፍ ጠበቅን። እሱ ጭራሽ አብረቀረቀ።

የወላጆች ቀን አንዲት አያት ችግኞቹ አጠገብ ቆሙ። "ምነው መምህር፣ አጋምን ደግሞ እንዲህ በስስት ያሳድጉታል?" አሉኝ። ቅጠል ቀንጠስ አድርገው ነጩን ወተት አሳዩን። ከረንት ወተት የለውም። ጥቁሩ ከረንት እሾህም የለውም፤ ቅጠሉም እንደ ወይን ቅጠል የተሸነሸነ ነው። እሾሁንማ ልጆቹ ቀደም ብለው አይተው ጠይቀውኛል። "የአየር ለውጥ ነው" ብዬ ያስረዳሁት እኔው ነኝ። "አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል" እያልኩ ስንቱን ተማሪ ገሥጫለሁ፤ አጋሙን ግን አላውቀውም ነበር።

ልጆቹ ስቀው ስቀው ማጠጣታቸውን ቀጠሉ። አጋም የበረዶ ብርድ አይጠይቅም፤ ፍሬውም ሲበስል ጠቁሮ ይጣፍጣል። 5ቱም ደህና ናቸው። "ከረንት" የሚለው ታፔላ ይነሳ ወይስ ይቆይ ተብሎ ሰኔ ላይ ድምፅ ተሰጠ። 14 ለ9 ይቆይ ተባለ። እኔ ድምፅ አልነበረኝም።