የሃኑካ ቴምብር ሁሉ ውሃ ውስጥ አይነከርም

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ በዓል ቴምብሮች ባወጣችሁት ጽሑፍ ያገለገለን ቴምብር ውሃ ውስጥ ነክሮ ማላቀቅ እንደሚገባ መክራችኋል። ምክሩ ለአሮጌዎቹ ይሠራል፤ ለሃኑካ (የአይሁድ የብርሃን በዓል) ቴምብሮች ግን ግማሹን ስብስብ ያበላሻል። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካ የመጀመሪያውን የሃኑካ ቴምብር ከእስራኤል ጋር በጋራ ያወጣችው በ1996 ነው፤ በደማቅ ቀለማት ዘጠኝ ሻማዎች፣ ዋጋው 32 ሳንቲም። የፖስታ ታሪፍ ሲጨምር ያው ሥዕል በ33፣ በ34 እና በ37 ሳንቲም ታተመ። ሥዕሉን ብቻ አይቶ «ይሄማ አለኝ» የሚል ሰብሳቢ ሦስቱ ያመልጡታል።

የአሜሪካዎቹ ሁሉም ሳይረጥቡ በራሳቸው ሙጫ የሚለጠፉ ተለጣፊዎች ናቸው። የ1996ቱ በወረቀቱና በሙጫው መካከል ውሃ የሚያሟሟው ስስ ንጣፍ ስላለው ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ቆይቶ በራሱ ይለቃል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የታተሙት በአብዛኛው ይህ ንጣፍ የላቸውም፤ ቢነከሩ ወረቀቱ ይሳሳል እንጂ ሙጫው አይለቅም፣ ሲጎተት ደግሞ ይቀደዳል። እነዚህን ከነፖስታው ዙሪያውን አምስት ሚሊሜትር ያህል ትቶ በመቀስ ቆርጦ ማስቀመጥ ነው። የሰላምታ ካርድ ፖስታ ብዙ ጊዜ ባለቀለም ስለሆነ፣ የሚነከረውም ቢሆን ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ ቀይ ፖስታ ሳህን ሙሉ ቴምብር ያቀላል። ከለቀቀ በኋላ በወረንጦ ይዞ፣ የቀረ ሙጫ ካለ ጀርባውን ትንሽ የሕፃን ፓውደር ነስንሶ፣ በመምጠጫ ወረቀት መሃል ከባድ መጽሐፍ ሥር ማሳደር።

የእስራኤሎቹ ጣጣ ሌላ ነው። አገሪቱ በ1948 ለአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ለሮሽ ሃሻና፣ ከ3 እስከ 65 ሚል (የያኔው የእስራኤል ሳንቲም) ዋጋ ያላቸው አምስት ቴምብሮች አውጥታለች። ቴምብሮቹ ተያይዘው በታተሙበት ቅጠል የታችኛው ረድፍ ላይ ያሉት ብቻ ጽሑፍ ያለበት የግርጌ ቅጥያ አላቸው፤ ዋጋውን የሚወስነው እሱ ነው። አልበሙ ውስጥ አልገባ አለ ብሎ ቅጥያውን መገንጠል ገንዘብ መቅደድ ነው። ይህን የሚያውቁ አጭበርባሪዎች የተገነጠለውን መልሰው ስለሚያጣብቁ፣ ከመግዛት በፊት ጀርባውን በማጉያ መነጽር ማየት ያስፈልጋል፦ ቴምብሩና ቅጥያው በሚገናኙበት የጥርሶች (የመገንጠያ ቀዳዳዎች) መስመር ላይ ሙጫው ከተቋረጠ ወይም በብርሃን ሲታይ መጋጠሚያው ከጠቆረ መተው ይሻላል።

የቴምብር ሰብሳቢዎች