ያረጀ ውሻችሁን ሳናይ የሕመም መድኃኒት መስጠት ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመስከረም ወዲህ መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ባዶ እጃቸውን የተመለሱ ሰዎች እንዳዘኑብን ሰምተናል። «ገንዘቤን ይዤ ሄጄ አንዲት መርፌ ከለከሉኝ» ያለ አለ። «የምርመራ ክፍያ ፈልገው ነው» ያለም አለ፤ ይህችኛዋ ትንሽ አመመችን። አስቀድመን ማስታወቂያ ሳንለጥፍ፣ ከኮቺና ከጅሬን ድረስ በዝናብ መጥታችሁ በመስኮት ስለመለስናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ጥፋታችን እሱ ነው። ውሳኔውን ግን አናነሳም።

ውሳኔው ይህ ነው፦ ውሻው ሳይታይና ሳይመዘን ዴክሳም (የዴክሳሜታዞን መርፌ) ሆነ የሕመም ማስታገሻው ሜሎክሲካም ከክሊኒካችን አይወጣም። ዲክሎፌናክን ለውሻ ከናካቴው ትተነዋል።

ከዴክሳ እንጀምር፤ ቅሬታው የበዛው በእሱ ነውና። ማታ ተወግቶ ጠዋት እስከ በር የሚሄድ ውሻ ያየ ሰው መርፌውን ቢያመሰግን አይፈረድበትም። ዴክሳሜታዞን ብግነቱን (የመገጣጠሚያውን እብጠትና ትኩሳት) ያበርዳል፣ መገጣጠሚያውን ግን አይጠግንም። ሁለቱ አጥንቶች እንዳይፋጩ በመሃል የተነጠፈው ልም አጥንት አንዴ ካለቀ መልሶ አይተካም። መርፌው በየወሩ ሲደጋገም ውሻው ውሃና ሽንት ያበዛል፣ ሁልጊዜ ይርበዋል፣ ሆዱ ይሰፋል፣ የጭኑ ጡንቻ ደግሞ ይሟሽሻል። ዳሌው የደከመ ውሻን አቁሞ የሚያስኬደው ያው ጡንቻ ነበር። «ድሮ በአንድ መርፌ ይነሳ ነበር፣ አሁን መድኃኒታችሁ ደከመ» ስትሉን፣ መድኃኒቱ ያው ነው፤ ያለቀው ጡንቻው ነው።

ከዚህ የባሰው መደባለቁ ነው። ከእኛ ዴክሳ ተወግቶ፣ በማግስቱ ቤት ውስጥ የተገኘ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን በሥጋ ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ሁለቱ ሲገናኙ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ አንዳንዴም ይበሱታል። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ቀን ክፍተት ያስፈልጋል። ሌላ ቦታ የተሰጠው ነገር ካለ ንገሩን፤ ለምን ሄዳችሁ ብለን አንቀየምም። ባዶ ማሸጊያውን ብታመጡልን ይበልጥ ይጠቅመናል።

ዲክሎፌናክንና አይቡፕሮፌንን ሰው ስለሚውጣቸው ለውሻ የሚከብዱ አይመስሉም። የውሻ ሰውነት ግን ቶሎ አያስወግዳቸውም፤ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት እየተመለሱ ይቆያሉ። ጨጓራው ይቆስላል፣ ኩላሊቱም ይጎዳል። ዲክሎፌናክ ሌላም ነውር አለበት፦ በእሱ የታከመ ከብት ሞቶ ሲጣል፣ ሥጋውን የበላ ጥንብ አንሳ በኩላሊት ይሞታል። ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለእንስሳት እንዳይሰጥ በ2006 እ.ኤ.አ. ያገዱት አብዛኞቹ ጥንብ አንሳዎቻቸው ካለቁ በኋላ ነው።

«ታዲያ ሜሎክሲካሙን ስጡና እንሂድ» ለምትሉ ሒሳቡን እናሳያችሁ። የውሻ ልክ በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 0.2 ሚሊግራም፣ ከዚያ በኋላ በቀን አንዴ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን የሚያስፈልገው 2.5 ሚሊግራም ብቻ ነው። ለሰው የሚሸጠው ትንሹ ክኒን 7.5 ሚሊግራም ስለሆነ አንድ ሙሉ ክኒን የሦስት ቀን ልክ ነው። ውሻው 12 ኪሎ ከሆነ 1.2 ሚሊግራም ነው የሚደርሰው፤ ክኒን ለስድስት በምላጭ እኩል የሚከፍል እጅ አላየንም። ለእንዲህ ዓይነቱ በ1 ሚሊሊትር 1.5 ሚሊግራም የያዘውን ፈሳሽ በሲሪንጅ 0.8 ሚሊሊትር ቀድተን እናሳያችኋለን። «መካከለኛ ውሻ ነው» ተብሎ በመስኮት የሚነገረን ውሻ 14 ኪሎም 28 ኪሎም ሊሆን ይችላል። ማምጣት ካቃታችሁ ቡና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አውጡትና ቁጥሩን ንገሩን፤ ጅማ ውስጥ ሚዛን አይጠፋም። ቁጥሩ ግን ምርመራውን አይተካም።

መድኃኒቱ ሁልጊዜ ከምግብ ጋር ይሰጥ፣ ውሃም አይጓደል። ካስመለሰ፣ ምግብ ካቆመ፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ቀጣዩን ልክ አትስጡ፤ በዚያው ቀን አምጡት። ትራማዶልን ለምን እንደማናዝ ጠይቃችሁናል። የውሻ ጉበት ትራማዶልን ሕመም ወደሚያስታግሰው ቅርጹ እምብዛም ስለማይለውጠው ለቁርጥማት ያን ያህል አይረዳም። ሕመሙ ከነርቭ ሲሆን ጋባፔንቲን እንጨምራለን፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢያንገዳግደው አትደንግጡ። ፓራሲታሞል በሐኪም ልክ ለውሻ ይሰጣል። ለድመት ግን በጭራሽ! አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ክኒን ድመት ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ውሻውን ካላየን የምንሸጥላችሁ መድኃኒት ለየትኛው በሽታ እንደሆነ አናውቅም። የኋላ እግሩ የከዳው ውሻ ሁሉ አርጅቶ አይደለም። የቁርጥማት መለያው ከተኛበት ሲነሳ ደርቆ፣ ጥቂት ሲራመድ እየተፍታታ መሄዱ ነው፤ በብርድና በዝናብ ይብስበታል። ትናንት ሲሮጥ ውሎ ዛሬ አንድ የኋላ እግሩን ካንጠለጠለ የጉልበት ጅማት ተበጥሶ ይሆናል። የእግሩን ጣቶች አጥፎ በጀርባቸው እየረገጠ፣ ሳያመው የሚጎትት ከሆነ ነገሩ ከአከርካሪ ነው። በትልልቅ ውሾች ከፊት እግር አንጓ በላይ የሚወጣ ጠንካራና ትኩስ እብጠት የአጥንት ካንሰር ሊሆን ይችላል። መዥገር የሚያስተላልፈው ትኩሳትም መገጣጠሚያን ያሳብጣል፤ እሱ ደግሞ በአንቲባዮቲክ የሚድን ነው፤ «አርጅቷል» ተብሎ በማስታገሻ የሚያዝ አይደለም።

የእብድ ውሻ በሽታም አለ። በድንገት የኋላ እግሩ የሰለለ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ ካለ አፉን ከፍታችሁ ክኒን ለመስጠት አትሞክሩ። ዝጉበትና ደውሉልን። ነክሷችሁ ወይም ለሃጩ ቁስል ነክቶ ከሆነ ቦታውን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጥባችሁ ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ። «የእግር መድኃኒት ብቻ ስጡኝ» የሚል ሰው በዚያች መስኮት በኩል ሲቆም እኛን የሚያስፈራን ይህ ነው።

ስትመጡ ሲነሳና ሃያ እርምጃ ሲራመድ ከጎንና ከኋላ በስልክ ቀርጻችሁ አምጡ፤ ክሊኒክ ሲደርስ ስለሚፈራ ሕመሙን ይደብቃል። ባጃጅ ላይ ስታወጡት በፊት እግሮቹ አትጎትቱት፤ አንድ እጅ በደረቱ ሥር፣ ሌላው ከጭኖቹ ኋላ ይሁን። ከከበደ በብርድ ልብስ ላይ አስተኝታችሁ ለሁለት አንሱት። ያመመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳልና አፉን በሻሽ እሰሩ፣ የሚያስመልሰው ወይም መተንፈስ የከበደው ከሆነ ግን አትሰሩት።

ገንዘብ ሳታወጡ ቤት ውስጥ የምትሠሩትም ብዙ ነው። የመጀመሪያው ክብደት ነው። ጎድን አጥንቱን በጣታችሁ ዳስሳችሁ ካጣችሁት ወፍሯል። ከክብደቱ ከ6 እስከ 9 ከመቶ ሲቀንስ ብቻ ማንከሱ በግልጽ ይቀላል፤ ለ30 ኪሎ ውሻ ከ1.8 እስከ 2.7 ኪሎ ማለት ነው። ምግቡን በሩብ ቀንሱ፣ ጮማውን ተዉት፤ ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ ለደሙም መርዝ ነው።

ሁለተኛው መኝታው ነው። በጅማ ክረምት ሲሚንቶ ላይ ያደረ አሮጌ ውሻ ጠዋት ባይነሳ አይገርምም። ከመሬት ከፍ ያለ ጣውላ ላይ፣ ጭድ በደንብ የተሞላ ጆንያ አንጥፉለት፤ ሲረጥብ ለውጡት። የቡና ገለፈት ግን አታንጥፉ! በቅርብ የሚገኝና ርካሽ እንደሆነ እናውቃለን፤ ካፌይን ስላለበት ካኘከው ልቡን ያስመታዋል፣ ያንቀጠቅጠዋልም። ሴራሚክ ወለል ላይ እግሩ እየተከፈተ የሚወድቅ ከሆነ በሚሄድበት መስመር የጎማ ምንጣፍ ወይም አሮጌ ስጋጃ ዘርጉለት፤ ጥፍሩም ወለል ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ይቆረጥ።

ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የታሰረ ውሻ መገጣጠሚያው ይደርቃል። በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ሜዳ ላይ አንሸራሽሩት። እሑድ ጅሬን ዳገት ወጥቶ ሰኞ መነሳት ያቃተው ውሻ የሚመጣልን ሳምንቱን ሙሉ ታስሮ ስለሚከርም ነው። ደረጃ ላይ አንድ ፎጣ አጥፋችሁ ከኋላ እግሮቹ ፊት በሆዱ ሥር አሳልፋችሁ ደግፉት፤ አታንጠልጥሉት፣ ክብደቱን ብቻ ተጋሩት። ወንድ ከሆነ ፎጣው ብልቱን እንዳይጫነው ወደ ጭኑ አስጠጉ።

ስለ ዋጋም እንናገር፤ የምትናገሩት ሰምተናልና። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መድኃኒት የሚመጣልን በሌላ ዋጋ ነው። ያም ሆኖ ሚዛኑ በነፃ ነው፣ ምርመራው 200 ብር ነው፣ ከ14 ቀን በኋላ ደግመን ስናየው አናስከፍልም። ቤት ድረስ ስንመጣ የትራንስፖርቱን ብቻ እንጨምራለን። ለትርፍ ቢሆን ኖሮ ዴክሳውን በመስኮት መሸጡ ይሻለን ነበር፤ ሳይደክሙ የሚሸጡት ዕቃ ነው። ውድ የሆነውን የግሉኮሳሚን ክኒንም ያላስመጣነው ለመገጣጠሚያ ስለሚያደርገው ጥቅም ያለው ማስረጃ ደካማ ስለሆነ ነው። የዓሣ ዘይት ይሻላል።

ይህችን ቤት የከፈትነው በላም፣ በፍየልና በበቅሎ መድኃኒት ነበር። ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲሳቅበት አይተናል፤ ዛሬ ግን አሥር ዓመት ግቢ የጠበቀ ውሻ አርጅቶ ሲንከላወስ «ወዲያ ጣሉት» ሳይሉ ተሸክመውት የሚመጡ እናንተ ናችሁ። ባትቀየሙን ደስ ይለናል። ብትቀየሙንም ውሻውን ሌላ ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ አስመዝኑልን።

ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የምንቀበለው ያረጁ ውሾችን ብቻ ነው። ወረፋ የለም፤ በጓሮ በኩል መግቢያው ደረጃ ስለሌለው በዚያ ግቡ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ባለቤትና ሠራተኞች
ሂርማታ፣ ጅማ