የጋራንቲው ተጠያቂ ማን ነው?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሐይቅ ከተማ ነዋሪ ነኝ። የስኳር ሕመምተኛ የሆነችው እናቴ ያልተከፈተ ኢንሱሊኗን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማስቀመጥ ስላለባት፣ ደሴ ወጥቼ የሁለት ዓመት ጋራንቲ አለው የተባለ ፍሪጅ ገዛሁ። በአራተኛው ቀን ማቀዝቀዙን አቆመ። ለሻጩ ስደውል «መብራቱ ሲቆራረጥ ነው፣ ጥቂት ቀን ይታገሡ» አሉኝ፤ ታገሥኩ። በሃያኛው ቀን አስጭኜ ብሄድ፣ ጋራንቲውን የሰጠው አስመጪው እንጂ እሳቸው እንዳልሆኑ፣ ስለዚህም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አዲስ አበባ በራሴ ወጪ እንድልከው ነገሩኝ። አስመጪው ደግሞ «የሸጠልህን ጠይቅ» አለኝ። በመካከሉ መድኃኒቱ ተበላሽቷል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ በገዛው ዕቃ ላይ ጉድለት ቢያገኝ፣ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ሻጩ እንዲለውጥለት ወይም ገንዘቡን እንዲመልስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ለሸማቹ የበለጠ የሚጠቅም ዋስትና ካለም እንደተጠበቀ ይቆያል። ለደረሰበት ጉዳትም ከአምራቹ ወይም ከአስመጪው ጀምሮ እስከ ቸርቻሪው በአቅርቦቱ የተሳተፉትን በተናጠል ወይም በአንድነት ካሣ መጠየቅ ይችላል። ገንዘቤን የተቀበለው ሻጩ ነውና የመጀመሪያው ተጠሪ እሱ ነው። ለትንሽ ነጋዴ ይህ ሸክም እንደሚከብድ አልክድም፤ ሆኖም ዕቃውን ወደ አስመጪው መመለስና ወጪውን ማስከፈል የሁለቱ ጉዳይ ነው እንጂ የገዢው አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የ15 ቀኑ ነገር ነው። ገዢው በስልክ እየተለመነ ሲታገሥ ቀኑ ያልቃል፤ ቀድሞ ማመልከቱን የሚያስረዳበት ወረቀትም የለውም። «መብራት ነው ያበላሸው» የሚል ነጋዴም ፍሪጁን ለባለሙያ አሳይቶ በጽሑፍ ሊያረጋግጥ ይገባል፤ አለዚያ በየከተማችን መብራት በተቋረጠ ቁጥር ጋራንቲ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ ንግድ መሥሪያ ቤቶች የጋራንቲ ወረቀት ሁሉ የሻጩ ማኅተም እንዲኖረው፣ ዕቃው በአካባቢው የሚጠገንበት ቦታም እንዲጻፍበት፣ ገዢው ብልሽቱን ያመለከተበት ቀንም በደረሰኙ ጀርባ በሻጩ ፊርማ እንዲሰፍር እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሐይቅ ነዋሪ