ክብደት አልቀንስ ሲል ባንዱን ማጥበቅ ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ውፍረት ቀዶ ሕክምና በአማርኛ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ኦፕራሲዮኑ እንዴት እንደሚሠራ ይነግረንና እዚያው ላይ ያበቃል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ክብደቱ አልወርድ ያለው ሰው ምን ያድርግ? በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል ከዓመታት በፊት ጋስትሪክ ባንድ (በጨጓራ ላይ የሚታሰር ቀለበት) አስገብተው ዛሬ ክትትላቸው የተቋረጠ አሉ። እኛ በዚህ ክትትል ላይ የምንሠራ ነርስና የሥነ ምግብ ባለሙያ ነን። ይህን የምንጽፈው አንድ የተለመደ ስሕተት እንዲታረም ስለምንፈልግ ነው። ክብደት አልቀንስ ሲል ታካሚውም ሐኪሙም መጀመሪያ የሚያስቡት ባንዱን ማጥበቅ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ባንዱ ቀድሞውኑ ከልክ በላይ መጥበቁ ነው።

ባንዱ ከሲሊኮን የተሠራ ቀለበት ነው። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ከሚገናኝበት ጥቂት ዝቅ ብሎ በጨጓራው አናት ዙሪያ ይታሰራል፤ ከበላዩ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ይቀራል። ውስጠኛው ጎኑ የሚነፋ ሲሆን፣ በቀጭን ቱቦ አማካይነት ከቆዳ ሥር በሆድ ጡንቻ ላይ ከተሰፋ ፖርት (መርፌ ከሚወጋበት ትንሽ ማጠራቀሚያ) ጋር ይያያዛል። በፖርቱ በኩል ሳላይን (የጨው ውሃ) ሲጨመር ቀለበቱ ይጠብባል፣ ሲቀዳ ይላላል። ይህን ቀዶ ሕክምና ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በላፓሮስኮፒ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም ምትኩ በላቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በቤልጂየም ሁይ ከተማ።

ብዙ ሰው ባንዱ እንደ በር ምግብን የሚያግድ ይመስለዋል። በልኩ የተስተካከለ ባንድ ግን ምግብ አያግድም። በደንብ የታኘከች ትንሽ ቁራሽ በምግብ ቧንቧው ጡንቻ ተደጋጋሚ ግፊት አንድ ደቂቃ ገደማ ወስዳ ታልፋለች። ስታልፍ በጨጓራው አናት ላይ ያሉትን ነርቮች ትጫናለች፤ የጥጋብ መልእክት ወደ አንጎል የሚሄደውም በዚህ ጊዜ ነው። መልእክቱን የሚያስነሳው ጠንካራ ምግብ ነው። ፈሳሽና ልል ምግብ ያለ ጫና ተንሸራቶ ያልፋል፤ ካሎሪው ይገባል፣ ጥጋቡ ግን አይመጣም።

አሁን ባንዱ ሲጠብ የሚሆነውን እንይ። ዶሮ አያልፍም፤ ሥጋ አያልፍም፤ ጎመኑም ሰላጣውም ይቀረቀራል። ደረት ላይ ይጨንቃል፣ አፍ በወፍራም ልጋግ ይሞላል፣ ምግቡ ተመልሶ ይወጣል። ሰው ደግሞ መራብ አይችልምና ቀስ በቀስ የሚያልፍለትን ይለያል። አይስክሬም ያልፋል። ቸኮሌት አፍ ውስጥ ቀልጦ ያልፋል። ሻይ ውስጥ የተነከረ ብስኩት፣ የማንጎ ጁስ፣ ለስላሳ፣ ሁሉም ያልፋሉ። አንድ ቆርቆሮ ኮላ፣ 330 ሚሊ ሊትር፣ 35 ግራም ያህል ስኳርና ወደ 140 ካሎሪ አለው፤ ባንዱ ምንም አያደርገውም። እንዲህ ያለ ሰው በማዕድ ላይ ሲታይ የሚበላው ጥቂት ነው፣ ክብደቱ ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም ይጨምራል። ቤተሰብ «ተደብቃ እየበላች ነው» ይላል። ክሊኒክ ስትሄድ ባንዱ ይጠብቅላታል፤ ጠንካራ ምግብ ይብስባታል፣ ጣፋጩ ይጨምራል። ፈቃደ ደካማ ነሽ ተብላ የምትወቀሰው ባንዷ ያስለመዳትን ስትበላ ነው። ይህ ወቀሳ መቆም አለበት።

ባንድ ከልክ በላይ ሲጠብ ምልክቶች አሉት። ምግብ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ ተመልሶ ከወጣ፣ ሌሊት ሳል ከቀሰቀሰ፣ ሲተኙ ቃር ወይም መራራ ፈሳሽ ወደ ጉሮሮ ከመጣ፣ ጠዋት ውሃ እንኳ እያነቀ ከወረደ፣ ሥጋና ዳቦ ጨርሶ ከተተዉ ባንዱ ይላላ እንጂ አይጥበቅ። በጠቅላላው 10 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ባንድ ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊ ሊትር ቀድቶ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሰውየው ዶሮና አትክልት ተረጋግቶ መብላት ከቻለ ጣፋጩን መተው ይቀለዋል፤ ቆሞ የነበረው ክብደትም ፈሳሹ ተቀንሶለት ሳለ መውረድ ሊጀምር ይችላል። ምልክቱ ካልጠፋ ፈሳሹ በሙሉ ወጥቶ፣ ባሪየም (በራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ) ተጠጥቶ ራጅ መነሳት አለበት። እየጠበበ የቆየ ባንድ የምግብ ቧንቧውንና ከረጢቷን ያሰፋልና።

በእርግጥ የላላ ባንድም አለ። ከበሉ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ረሃብ ከመጣ፣ ጠንካራ ምግብ ሞልቶ የቀረበ ሳህን ያለ ችግር ካለቀ፣ የሚመለስ ነገርም ከሌለ ማጥበቅ ተገቢ ነው። ልኩ የሚታወቀው ግማሽ ኩባያ፣ ቢበዛ አንድ ኩባያ ጠንካራ ምግብ ሦስት አራት ሰዓት ሲያቆይ ነው። መጠኑ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የድሮዎቹ ባንዶች በጠቅላላው 4 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ነበሩ፤ ኋላ የመጡት እንደ ዓይነታቸው 10 ወይም 14 ይይዛሉ። ስለዚህ «3 ሚሊ ሊትር አለኝ» ማለት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ለአንዱ ሊሞላ የተቃረበ፣ ለሌላው ገና ባዶ የሚባል ነው። ከተጨመረ በኋላ ከክሊኒኩ ሳይወጡ ተቀምጦ አንድ ብርጭቆ ውሃ መጠጣት፣ ሁለት ቀን ፈሳሽ፣ ሁለት ቀን ለስላሳ ምግብ፣ ከዚያ ጠንካራውን መጀመር ነው። የሚቀጥለው ጭማሪ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል አራት ይቆይ።

ወደ ማዕዳችን እንምጣ፤ የውጭ ሐኪሞች የሚሰጡት ወረቀት እዚህ ላይ አይረዳንም። ባንድ ላለበት ሰው የአንድ ጊዜ ቁራሽ ከሽምብራ ፍሬ መብለጥ የለባትም። አሥራ አምስት፣ ሃያ ጊዜ ታኝካ ትዋጣለች፤ ከዚያ አንድ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ማዕዱ ያበቃል። የእኛ ጉርሻ ግን እንጀራው ወጡን ጠቅልሎ አፍ የሚሞላ ነው፤ ውጪው ለስልሶ ውስጡ ሳይታኘክ ይወርዳል። የሚያጎርስ ሰው በፍቅር ነው የሚያጎርሰው፤ ባንድ ላለባት እህቱ ግን ከማዕዱ አስነስቶ መታጠቢያ ቤት ሊያስሮጣት ይችላል። ባለ ባንዱ የራሱን ድርሻ በትንሽ ሳህን ለብቻ ቢያወጣ ጥሩ ነው፤ ከጋራ ትሪ ላይ ምን ያህል እንደተበላ ማንም አያውቅም። ከሳህኑም መጀመሪያ ሥጋው፣ ዶሮው ወይም እንቁላሉ፣ ቀጥሎ ጎመኑ፣ እንጀራው መጨረሻ ላይ ይበላ። ትኩስ ለስላሳ ዳቦ አፍ ውስጥ ሊጥ ሆኖ ይቀረቀራል፤ ደረቅ አድርጎ የተጠበሰ ይሻላል። ጥብስ ደንደን ያለ ከሆነ በጣም ተቆራርጦ፣ ካልሆነም በደንብ የበሰለ የተፈጨ ሥጋ።

ጾም ለብቻው መነሳት አለበት። ሽሮ፣ ክክ አልጫና ፍትፍት በባንዱ በኩል ተንሸራተው የሚያልፉ ምግቦች ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ አለው፤ በአንድ ሰው ድርሻ ሽሮ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ካለ ከዘይቱ ብቻ 240 ካሎሪ ይገባል፣ ረሃቡም ቶሎ ይመለሳል። ጥራጥሬው ሳይከካና ሳይፈጭ ቢበላ ለባንዱ ይመቻል፤ የድፍን ምስር ሰላጣ፣ በደንብ የበሰለ የሽምብራ ወይም የባቄላ ቅቅል። ግማሽ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። በቀን የሚፈለገው 60 ግራም አካባቢ ስለሆነ ምግቡ ብቻ አይሞላውም፤ የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን ዱቄት በውሃ በጥብጦ መጨመር ያስፈልጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መቆየት የባሰ ነው። ሰው ተርቦ ሲቀርብ ፈጥኖ ይጎርሳል፣ ይቀረቀራል። ውሃውንም በአንዴ መጠጣት ስለማይችል በቀን የሚያስፈልገው አንድ ሊትር ተኩል ሳይሞላ ይመሻል። ይህን ለንስሐ አባት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ሕመም ነው።

አመጋገቡ ተስተካክሎም ካልሆነ መሣሪያው ይመርመር። ያለው ፈሳሽ በሙሉ ተቀድቶ ይለካ፤ በመዝገብ 6 ሚሊ ሊትር ተብሎ 4 ብቻ ከወጣ ከቱቦው ወይም ከፖርቱ እያፈሰሰ ነው። ፖርቱ ሊገለበጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ መርፌ አይገባበትም። ለዓመታት ሲሠራ የቆየ ባንድ በድንገት ጥጋብ መስጠት ካቆመ፣ በተለይም የፖርቱ ቦታ ከቀላና መግል ከያዘ፣ ባንዱ የጨጓራውን ግድግዳ በልቶ ወደ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ኢንዶስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ የጨጓራን ውስጥ ማየት፣ ያስፈልጋል። አንቲባዮቲክ ብቻ ሰጥቶ መሸኘት አይገባም። የታይሮይድ ምርመራም ይደረግ። ኢንሱሊን፣ ግሊቤንክላማይድ፣ ፕሬድኒሶሎን፣ ኦላንዛፒን፣ ቫልፕሮዌት፣ አሚትሪፕቲሊን ክብደት ከሚጨምሩ መድኃኒቶች መካከል ናቸው፤ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መቀየር እንጂ በራስ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

«አልቀነስኩም» የሚለውም በልኩ ይታይ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 የሆነ፣ 110 ኪሎ የሚመዝን ሰው ትርፉ፣ ማለትም ከጤናማው ክብደት በላይ ያለው፣ 42 ኪሎ ገደማ ነው። ባንድ በረጅም ጊዜ የሚያወርደው ከትርፉ ግማሽ የሚጠጋውን ነው፤ በአውስትራሊያ በሜልበርን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የ15 ዓመት ክትትል 47 በመቶ አግኝቷል። ስለዚህ ይህ ሰው 90 ኪሎ ላይ ቢቆም ባንዱ ሊሰጠው የሚችለውን ሰጥቶታል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ብራስልስ ውስጥ ባንድ የገባላቸው ሰዎች ከ12 ዓመት በላይ ቆይተው ሲታዩ፣ ከግማሽ የሚጠጉት ባንዱ ወጥቶላቸዋል። ማስወጣት ሽንፈት አይደለም። ግን ሌላ ሕክምና ሳይታሰብ ዝም ብሎ ካወጡት ክብደቱ በአብዛኛው ይመለሳል፤ ወደ ስሊቭ (ጨጓራን ቆርጦ ማሳነስ) ወይም ወደ ባይፓስ (ምግቡ አብዛኛውን ጨጓራ ዘሎ ወደ አንጀት እንዲያልፍ ማድረግ) መቀየር ወይም እንደ ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድ ያሉ ክብደት የሚቀንሱ መርፌዎችን መጀመር አስቀድሞ ይመከርበት። መርፌዎቹ ማቅለሽለሽና ትውከት ስለሚያመጡ በጠበበ ባንድ ላይ አይጀመሩ፤ መጀመሪያ ባንዱ ይላላ።

በመጨረሻ ለበዓል ወደ አገር ቤት ለሚሄዱና እዚያ ለሚቀበሏቸው ባልደረቦቻችን። የባንዱን ዓይነት፣ ጠቅላላ መጠኑን፣ አሁን ያለበትን ፈሳሽ፣ የገባበትን ዓመትና የክሊኒኩን ስልክ በካርድ ጽፈው ከፓስፖርቱ ጋር ይያዙ። ምራቁን መዋጥ ያቃተው፣ ወይም አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ያልቆየለት ሰው ወዲያው ሐኪም ቤት ይግባ። ከባድ የሆድ ሕመምና የልብ ምት መፍጠን ካለበት ባንዱ ተንሸራቶ የጨጓራውን ደም ዝውውር ዘግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ፈሳሹ እየወጣለት ቀዶ ሐኪም ይጠራ። ፈሳሹን ለማውጣት የውፍረት ስፔሻሊስት አይጠበቅም። ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ራሱን ቀና ሲያደርግ ጡንቻው ይወጠርና ፖርቱ በጣት ይዳሰሳል። ቆዳው ይጸዳል፤ ሁበር መርፌ ቀጥ ብሎ ይገባና የፖርቱን ጠንካራ ወለል ሲነካ በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ የሚመጣው ሁሉ ይቀዳል፣ መጠኑም ይመዘገባል። ሁበር መርፌ ለኬሞቴራፒ ፖርት የሚያገለግለው ራሱ ስለሆነ የካንሰር ክፍል ይጠየቅ። ከጠፋ ሕይወት ለማዳን ተራ ቀጭን መርፌም ይሠራል፤ ፖርቱ ቢበላሽ በኋላ ይቀየራል። ትውከቱ ከቀናት አልፎ ሳምንታት ያስቆጠረ ከሆነ ደግሞ ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ቲያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 1፣ በደም ሥር ይሰጥ። ቲያሚን ያለቀበት ሰው ግሉኮስ ብቻ ከተሰጠው አንጎሉ ሊጎዳ ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
በውፍረት ሕክምና ክትትል የሚሠሩ ነርስና የሥነ ምግብ ባለሙያ