ለእሁዱ ረጅም ሩጫ

ሰላም ጓዶች፣

እሁድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሐይቁ ዳር፣ ዘንባባዎቹ ሥር እንገናኝ። የዚህ ሳምንቱ 16 ኪሎ ሜትር ነው። የዓባይን ድልድይ ተሻግረን ቤዛዊት ኮረብታ እንወጣለን፤ የጎደለውን ስንመለስ ሐይቁ ዳር እየተመላለስን እንሞላዋለን።

አደራ፣ ቀስ ብላችሁ ጀምሩ። ባለፈው እሁድ ጉራዬን ነፍቼ የመጀመሪያዎቹን 5 ኪሎ ሜትሮች በረርኩ። ዳገቱ ላይ ባቴ ድንጋይ ሆነና በእግሬ መዝገም ጀመርኩ። ማገዶ የተሸከሙ እናት «አይዞህ ልጄ» ብለውኝ አለፉ። አዎ፣ አለፉኝ! ስለዚህ ፍጥነታችሁ እያወራችሁ የምትሮጡበት ይሁን። ወሬው ከተቆረጠ ፈጥናችኋል።

«ሙሉውን ሳንለማመድ እንዴት የውድድሩን 21 ኪሎ ሜትር እንሮጣለን?» ላላችሁኝ፦ ግድ የለም። ለጀማሪ ከ16 እስከ 18 ድረስ መለማመድ ይበቃል። የቀረውን የውድድሩ ቀን ሆታ ይገፋችኋል።

አዲስ ጫማ እሁድ እንዳይሞከር። የእግሬ አውራ ጣት ጥፍር እስካሁን ጥቁር ነው።

ከ2 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ስለሚከር ውሃ ያዙ፣ አታርፍዱ። በሶ እኔ በጥብጬ አመጣለሁ። በማር ነው፤ ስኳር የምትሉ ከቤታችሁ።