ሂሩትዬ፣ ወንበሩን ከመግዛትሽ በፊት

ሂሩትዬ፣

ኧረ አለሽ! ቮይስሽን ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት፣ አለቀስኩ አልልሽም ግን መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አልፌ ሄጃለሁ። ሶስት አመት እኮ ነው! ያንቺ እማማ ያረፉ ጊዜ ደወልኩ፣ ስልክሽ አልነሳ ሲል ነገ እደውላለሁ አልኩ፣ ነገ ሳምንት ሆነ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዛ ደሞ ይሄን ያህል ቆይቼ ምን ብዬ ልደውል ብዬ አፈርኩ። ነፍስ ይማር ማለት እንኳን እንዲህ ዘግይቶ ያሳፍራል። ስትመጪ ቁጭ ብለን እናወራዋለን፣ አሁን ወደ ጥያቄሽ ልግባ።

ለጥምቀት እመጣለሁ፣ እንደ ድሮው ተራራ እንውጣ፣ ምን ላምጣልሽ ነው ያልሽው። ሽቶ አትያዢ፣ ቫይታሚንም አትያዢ። ወንበር አምጪልኝ። አትሳቂ! ታጥፎ ቦርሳ የሚገባ፣ ቀላል፣ ኪስ የማይጎዳ ወንበር፣ ለኔ አንድ ላንቺ አንድ። ያኔ ሰሜን ተራሮች፣ ቸነቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጭላዳዎቹ ሳር ሲነጩ እስኪመሽ ስናይ ሃያዎቹ ውስጥ ነበርን፣ አሁን ወገቤ ከድንጋይ ጋር ተጣልቷል፣ ጉልበቴማ ደረጃ ስወርድ ድምጽ ያወጣል። ሰሜንን ደሞ ለሌላ ጊዜ እናቆየው፣ መንገዱ ሲረጋጋ። ባሌ ተራሮች ነው የምንሄደው፣ ዲንሾ ተመዝግበን ፈረስ ተከራይተን ዌብ ሸለቆ ሁለት ሌሊት እናድራለን፣ ከዛ ሳነቴ አምባ።

ወንበር ላይ እንዲህ አዋቂ የሆንኩት በኪሳራ ነው። የመጀመሪያውን የገዛሁት መርካቶ ነው፣ ያ ብረት እግር ያለው፣ ክንዱ ላይ የብርጭቆ ኪስ ያለው፣ እንደ ጃንጥላ የሚሰበሰበው። ቆንጆ ነው፣ ርካሽ ነው፣ መኪና ይዘሽ ላንጋኖ ዳር ለመቀመጥ ከሱ የተሻለ የለም። እኔ ግን ጀርባዬ ላይ አስሬ ወንጪ ሐይቁ ድረስ ይዤው ወረድኩ፣ ከሶስት ኪሎ በላይ ነው፣ ስመለስ ዳገቱ ላይ ፈረስ ያዢዎቹ ልጆች እህታችን ቤት እየቀየርሽ ነው እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ማን ነው የሚሸከመው ብለሽ ጠይቂ። መኪና ከሆነ ብረትም ይሁን፣ ፈረስ ከሆነ እስከ ሁለት ኪሎ ችግር የለውም፣ ራስሽ ከሆንሽ ግን ከአንድ ኪሎ በላይ የሆነውን አትንኪው።

ሁለተኛውን የአክስቴ ልጅ ከውጭ ላከችልኝ። አሁን ሁሉም የሚሰራውን አይነት ነው፣ እንደ ድንኳን ዘንግ በላስቲክ ገመድ የተያያዙ የአሉሚኒየም ቱቦዎች አሉ፣ ሲለቀቁ ራሳቸው ይጋጠማሉ፣ ከዛ ጨርቁን አራቱ ጫፍ ላይ ታለብሺዋለሽ። ይሄን ዲዛይን ያስፋፋው ሄሊኖክስ የሚባለው የኮሪያ ድርጅት ነው፣ የድንኳን ዘንግ ከሚሰራ ፋብሪካ የወጣ ስለሆነ አሉሚኒየሙን ያውቁበታል። ቼር ዋን የሚሉት አንድ ኪሎ ገደማ ነው፣ 145 ኪሎ ሰው ይችላል፣ ቼር ዜሮ የሚሉት ደሞ ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው፣ 120 ኪሎ ይችላል ይላሉ። ዋጋው ግን ከመቶ ዶላር በላይ ነው፣ ለመቀመጫ! በዛ ገንዘብ አንድ በግ ገዝተን ሰፈሩን እንጋብዝበታለን። የሱን ቅጂ በሰላሳ በአርባ ዶላር የሚሸጡ ሞልተዋል፣ ኔቸርሃይክም አለ ሌሎችም አሉ፣ ስራቸው መጥፎ አይደለም፣ እይታ ግን ይፈልጋል።

የኔው ቅጂ የት እንደከዳኝ ልንገርሽ። ዌብ ሸለቆ፣ ከሶስት ሺህ አራት መቶ ሜትር በላይ፣ ጥር ላይ፣ ማታ ውሃው ጄሪካን ውስጥ መርጋት ጀምሯል፣ ሻይ ይዤ ደስ ብሎኝ ዘፍ ስል ቀጭ! ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበት መሀል ያለው ፕላስቲክ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሻዩ እላዬ ላይ፣ እኔ ጀርባዬ ላይ፣ ስካውታችን፣ አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ፣ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ርካሽ ፕላስቲክ ብርድ ላይ ይደርቃል፣ ደሞ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ኪሎ ቀስ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ነው፣ ዘፍ ስትዪ ከክብደትሽ በላይ ነው የሚያርፍበት። ስለዚህ አንቺ፣ ጃኬትሽ፣ ጫማሽ፣ ምሳሽ ተደምሮ ከዛ ላይ ሰላሳ አርባ ኪሎ ትርፍ ያለው ይሁን። ከሱቅ ስትገዢ ያንን መጋጠሚያ በጣትሽ ጠምዝዢው፣ ወፍራም ናይሎን ወይ ብረት ከሆነ ጥሩ፣ ስስ ሆኖ ጠርዙ ላይ የቀለጠ የሚመስል ነገር ካየሽ ተዪው። ሌላ ቶሎ የሚቀደደው የቱቦው ጫፍ የሚገባበት አራቱ የጨርቅ ኪስ ነው፣ ስፌቱ ድርብ ይሁን፣ ጨርቁ እዛ ጋ ተደርቦ ይሁን። ከዛ ውጪ ቀለሙ ምናምኑ ያንቺ ጣጣ ነው።

የተሰበረውን ምናለሽ ተራ ወስጄው ነበር። ልጁ አገላብጦ አይቶ እህቴ ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው አይበየድም አለኝና በሶስተኛው ቀን የብረት መጋጠሚያ ሰርቶ ሰጠኝ፣ አይሰበርም፣ የልጅ ልጆቼ ይቀመጡበታል፣ መጋጠሚያው ብቻውን ግን ከወንበሩ ይከብዳል! አሁን በረንዳ ላይ ነው ያለው፣ እናቴ ጎመን ትቀነጥስበታለች።

ስለ እግሩ አንድ ነገር፣ ባሌ ስለሆነ። ዌብ ሸለቆን መሬቱን ፍልፈል ቆፍሮ ጨርሶታል፣ ያ ቀይ ቀበሮው የሚያድነው ትልቁ ፍልፈል፣ ከላይ ሳር ነው ከስር ባዶ ነው። የነዚህ ወንበሮች እግር እንደ አውራ ጣት ቀጭን ስለሆነ ተቀምጠሽ እያወራሽ ቀስ ብለሽ ወደ አንድ ጎን ትሰምጫለሽ። ለዛ የሚሸጥ ሰፊ ጫማ አለ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ፣ እኔ አራት የጄሪካን ክዳን አዘጋጅቻለሁ፣ ከእግሩ ስር ማድረግ ነው። ሳነቴ ላይ ደሞ ነፋሱ ባዶ ወንበር ይዞ ይሄዳል፣ ስትነሺ ድንጋይ ጣል አድርጊበት። እሳት አጠገብም አይቀመጥም፣ አንዲት ፍንጣሪ ጨርቁን ትበሳዋለች።

ከፍታውንም እዪ። ቀላሎቹ ሁሉ ዝቅ ያሉ ናቸው፣ ሰላሳ ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው፣ የቤት ወንበር 45 ገደማ ነው። መቀመጡ ምንም አይደል፣ መነሳቱ ነው ጉዱ፣ የኔ ጉልበት እጃችሁን ስጡኝ ይላል። መደገፊያ ካላስፈለገሽ ባለ ሶስት እግር በርጩማ ይሻላል፣ ይቀላልም ይረክሳልም፣ ሶስት እግር ደሞ መሬቱ ምንም ቢጎራበጥ አይወዛወዝም፣ የጅማ በርጩማ ሶስት እግር የሆነው በከንቱ አይደለም። ሐመሮችማ ቦርኮቷቸውን አስቢው፣ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ፣ ቀን መቀመጫ ማታ ትራስ፣ የሚሰበር መጋጠሚያ የለው የሚበጠስ ላስቲክ የለው፣ እኛ ነን መቶ ዶላር የምንከፍለው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ብር ካጠረሽ ሁሉንም ተዪና ሁለት የሚታጠፍ የፎም መቀመጫ ብቻ ያዢ። ስልሳ ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ ድንጋይ ላይ ጣል አድርገሽ ትቀመጫለሽ፣ ብርዱን ይቆርጣል። ወንበር ቢኖርሽ እንኳን ያስፈልግሻል፣ ምክንያቱም ከስር የሚያልፈው ነፋስ ቂጥሽን ነው የሚያገኘው፣ ፎሙ ወንበሩ ላይ ሲነጠፍ ነው ሙቀቱ። የካምፕ አልጋም እንዳትገዢ፣ ይከብዳል፣ በሱም ላይ ከስር ፍራሽ ካላደረግሽ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፎ ከተኛ ሰው ይበልጥ ይበርድሻል። ጠረጴዛ? ፈረሱ የሚሸከመው የምግብ ሳጥን አለ፣ ጠረጴዛችን እሱ ነው፣ ነጠላ እናለብሰዋለን።

አዲስ ከመግዛትሽ በፊት ደሞ አር ኢ አይ የሚባለው የአሜሪካ የካምፕ ዕቃ ሱቅ ያገለገለ ዕቃ ይሸጣል፣ አባሎች ሞክረው የመለሱትን፣ እዛ ግቢና እዪ። ሰው አንዴ ተቀምጦበት ዝቅ አለብኝ ብሎ የመለሰው ምን ይሆናል? ደህናው ብራንድ በግማሽ ዋጋ ከተገኘ ከአዲስ ቅጂ እሱን ያዢ። ሁለት ሻንጣ በ23 ኪሎ ይፈቀድልሻል አይደል፣ ወንበሮቹን ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ጠቅልያቸው፣ ቦታ አይፈጁም። ከመጠቅለልሽ በፊት ግን ሳሎንሽ ውስጥ ገጣጥመሽ አንድ ፊልም እስኪያልቅ ተቀመጪባቸው፣ የሚሰበር ከሆነ እዛው ይሰበር፣ መመለስ ትችያለሽ።

ጥቁር እንዳታመጪ፣ ማታ ለሽንት ስወጣ አላየውም፣ እጠለፍበታለሁ። ቀይ ወይ ብርቱካናማ። ስካውት ጋር ተነጋግሬ ፈረሶቹን እይዛለሁ፣ ቀኑን ብቻ ቁርጡን ንገሪኝ። ኪሎሽንም ላኪልኝ፣ የፓስፖርቱን ሳይሆን የዛሬውን።

ያንቺው፣
ያቺው ጉልበተ ቋቋዋ