ለሮማ ጎረቤቶቼ የምስጋና መልእክት

በመጀመሪያ ነፍሳችንን ላተረፈ ፈጣሪ ምስጋና ይግባው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2017 ጎርፉ ከመታን ጀምሮ ስትደውሉ፣ ስትጸልዩና ገንዘብ ስታዋጡ ለከረማችሁ ሁሉ፦ ቤታችን ደርቋል፣ ተመልሰን ገብተናል።

ለማታውቁት፣ የምንኖረው ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ፣ ኦፓቫ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እንቁጣጣሽን ባከበርን ሰሞን ዝናቡ ቀንና ሌሊት ወረደ። ወንዙ ሞልቶ ምድር ቤት ያለውን ቤታችንን ዋጠው። ልጆቼን ይዤ ወደ ላይ ሮጥኩ። በራቸውን የከፈቱልን የፎቅ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ሮማ ከሚባለው ሕዝብ ናቸው፤ ብዙዎቻችን ጂፕሲ የምንላቸው ማለት ነው፣ እነሱ ግን ይህን አጠራር አይወዱትም።

የእማማን ስም ያልጻፍኩት ራሳቸው "ተይው" ስላሉኝ ነው። ሮማ መሆናቸውን ግን ሆን ብዬ ነው የምጽፈው። እዚህ አንድ ሮማ ሰረቀ ከተባለ ወሬው "ሮማ" ብሎ ይጀምራል። ጭቃ ሲጠርጉ የዋሉ የሮማ ልጆች ሲመሰገኑ ግን "የሰፈሩ ወጣቶች" ይባላሉ። ስለዚህ በግልጽ ልናገር፤ ጭቃችንን የጠረጉልን ሮማዎች ናቸው።

ደግሞ እንዴት ያለ ጭቃ! ናፍጣውም ፍሳሹም አንድ ላይ ነው። ፍሪጁን ከነውስጡ ተሸክመው አወጡት። ያበጠውን ልስን በመዶሻ እየላጡ ጡቡ እስኪታይ አወረዱት፤ ካልተላጠ ግድግዳው አይደርቅም። የጤፍ ከረጢቴ ውሃ ጠጥቶ አልነሳ ሲል አንዱ "ሲሚንቶ ነው እንዴ?" አለኝ። በዚያ ሁሉ መሃል ሳቅሁ።

መብራት አልነበረም። እማማ በጋዝ ላይ ትልቅ ድስት ጥደው ለሕንፃው ሁሉ ያበስሉ ነበር። አሳማ እንደማንበላ ሲያውቁ ለእኔና ለልጆቼ ለብቻችን ድንች በዶሮ ሠሩልን። በዚያ ቀን የሰው ልማድ ማን ያስታውሳል?

ትልቁ ልጃቸው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የእንጀራ ምጣዴን ፈታትቶ፣ አድርቆ፣ እንደገና ገጥሞ መለሰልኝ። ይህን ሰው በልጅነቱ "ትምህርት አይገባውም" ብለው የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች ወደተከፈተ ልዩ ትምህርት ቤት ልከውት ነበር። ብዙ የሮማ ልጆች እንዲሁ ተደርገዋል። ከእኛ ብዙም በማትርቀው ኦስትራቫ 18 የሮማ ተማሪዎች በዚሁ ጉዳይ አገሪቱን ከሰው ነበር፤ በፈረንጆቹ 2007 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት "አድልዎ ነው" ብሎ ፈረደላቸው። ለእማማ ልጅ ግን ዘግይቷል። ሙያውን የተማረው በገዛ ጥረቱ ነው።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። "አንቺ በደንብ ተላምደሻል፣ እነሱ ግን ከእኛ ጋር መዋሃድ አይፈልጉም" የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እኔ እኮ ትናንት የመጣሁ ነኝ! የዚህ አገር ነባር ሮማዎች አብዛኞቹ በናዚ ዘመን አልቀዋል። የእማማ አባት ከጦርነቱ በኋላ፣ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲያጣ፣ ከምሥራቅ ስሎቫኪያ የመጡ ናቸው። እማማ እዚሁ ተወልደው፣ ጡረታ እስኪወጡ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተዋል። የሚባለውን ብነግራቸው "ከማን ጋር ነው የምዋሃደው? ከተወለድኩበት ከተማ ጋር?" ብለው ሳቁ። የልጅ ልጃቸው ቤት ልትከራይ ስትደውል ግን የአባቷን ስም ሲሰሙ "ተይዟል" ይሏታል። እሱ አያስቅም።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ልብስ የሰበሰባችሁልን ወላጆች፣ ከፕራግና ከቪየና ያዋጣችሁልን ወገኖቼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በገንዘቡ ምድጃና አልጋ ገዛን። በተረፈው ከግድግዳ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ገዝተን ከቤት ቤት እያዞርነው ነው፤ አሁን ያለው እማማ እህት ጋ ነው። እኛ ሐበሾች እዚህ ስንመጣ መጀመሪያ የሚነገረን "ከሮማዎች ራቁ" የሚል ምክር ነውና፣ መዋጮአችሁ ለእነሱም እንደደረሰ እወቁልኝ።

በፈረንጆቹ ኤፕሪል 8 የሮማዎች ዓለም አቀፍ ቀን ነው። በ1971 ለንደን አጠገብ የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን የከፈቱበት ቀን ነው። ዘንድሮ እማማ ቤት ቡና አፈላለሁ ብያለሁ። ቅርብ ያላችሁ ኑ። እንጀራው ከእኔ፤ ቡና ግን ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ የእኔን ጎርፉ ወስዶታል።